ዛፍና የመብራት ሽቦ
(በሰፈራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ክረምቱ ሳይገባ ስለ ዛፎቻችን ትንሽ ልናገር። አምና አንድ አባት ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ሊቆርጡ ገጀራ ይዘው ባሕር ዛፍ ላይ ወጥተው ነበር። እግዜር አተረፋቸው እንጂ እርጥብ እንጨት እኮ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል! ወደ ትራንስፎርመሩ የሚመጣው መስመር ደግሞ እንደ ቤታችን 220 ቮልት አይደለም፤ 15 ሺህ ቮልት ነው።

ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻም አይደለም። ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ዛፎች ትላልቅ መስመሮችን መንካታቸው አንዱ ምክንያት ሆኖ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት ጠፋበት። በዚያ አገር በትላልቅ መስመሮች አጠገብ ያለን ዛፍ መከርከም ለኩባንያዎቹ የሚያስቀጣ ግዴታ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ በእኛ በኩል፦ ሽቦ አጠገብ ማንም ራሱ አይቁረጥ፤ ለመብራት ኃይል ያመልክት። ከሽቦ ሥርም ረጅም ዛፍ አንትከል። በእነሱ በኩል ደግሞ፦ ቀኑን አስቀድመው ይንገሩን፤ መስመሩን አጥፍተው ይቁረጡ፤ ቅርንጫፉንም ከመንገድ ያንሱ። ከተስማማን ኮሚቴው ይህንኑ ጽፎ ያቅርብልን።