ስለቱና ልብሱ፦ ትእምርት በዕድገት ልብ ወለድ ውስጥ እንዴት ይናገራል?

(በተመራቂዎች ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሀይሌ ጋርመንት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥነ ጽሑፍ አንድ ነገር በል፤ ግን ክፍል ውስጥ ያለህ እንዳይመስልህ» ብለው አስጠንቅቀውኛል። ከምሳ በፊት የሚናገር ሰው ደግሞ ማሳጠር እንዳለበት አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ እሱን ተናግሬ እወርዳለሁ።

ርእሴ በዕድገት ልብ ወለዶች ውስጥ ትእምርት ጭብጥን እንዴት እንደሚያስተላልፍ ነው። የዕድገት ልብ ወለድ የምለው አንድን ልጅ ከቤቱ አስነሥቶ፣ በትምህርት፣ በፍቅርና በሐዘን አሳልፎ፣ ሰው እስኪሆን ወይም ሰው መሆን እስኪከለከል ድረስ የሚከተለውን ነው። ጀርመኖች ቢልዱንግስሮማን ይሉታል። የዘውጉ ፈር ቀዳጅ ሆኖ የሚጠቀሰው የጎተ «ቪልሄልም ማይስተር» የታተመው እ.ኤ.አ. በ1795 እና በ1796 ነው። እኛ ግን ጉዞውን ከልብ ወለዱ በፊት እናውቀዋለን። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከእናቱ ጓዳ ወደማያውቀው ደብር የሚሄድ የቆሎ ተማሪ ይህንኑ መንገድ ሲሄድ ኖሯል።

ትእምርት ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ራሱን ሆኖ እየኖረ ከራሱ በላይ የሚናገር ነገር ነው። ልብስ ሊሆን ይችላል፣ ደብዳቤ፣ ደወል፣ ወንዝ፣ ስም።

ችግራችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በየትምህርት ቤቱ ትእምርትን የምናስተምረው እንደ መዝገበ ቃላት ነው። ነጭ ልብስ ምን ያመለክታል? ንጽሕና። ጨለማ? ድንቁርና። ወንዝ? የጊዜ ማለፍ። ተማሪው ይህን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል፤ መጽሐፉን ግን ላይከፍተው ይችላል። ምክንያቱም መልሱን ለማግኘት መጽሐፉ አያስፈልገውማ!

በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ይመስለኛል ይህ ልማድ በቀላሉ የሚይዘን። ቅኔ ሲሰማ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ማውጣት ትልቅ ደስታ ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ቅኔ በጥቂት ቤት ያልቃል። ልብ ወለድ በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች አሉት፤ በውስጡ ዓመታት ያልፋሉ፤ ልጅ ያድጋል። ልጁ እያደገ የነገሩ ትርጉም ባለበት ሊቆም አይችልም። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በዕድገት ልብ ወለድ ውስጥ ጭብጡ ያለው ነገሩ «በሚያመለክተው» ላይ ሳይሆን፣ ያው ነገር መጀመሪያ ሲታይና መጨረሻ ሲታይ ባለው ልዩነት ላይ ነው። ነገሩን ከመጀመሪያ ገጹ እስከ መጨረሻ ገጹ ተከተሉት፤ ጭብጡን ራሱ ይነግራችኋል።

ይህን የምለው ስሙ ውስጥ ልብስ ባለበት ሰፈር ቆሜ ነው። ረዳቱ «ጋርመንት! ጋርመንት!» እያለ ሲጣራ ልብስ ትዝ የሚለው ተሳፋሪ አለ? የለም። ለአንዱ መውረጃ ነው፣ ለሌላው ቤት የተከራየበት ሰፈር፣ በልብስ ስፌት እንጀራዋን ለምታገኝ ሴት ደግሞ የወር ደመወዝ። ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙን የሚሰጠው ሰውዬው ከነገሩ ጋር ያለው ኑሮ ነው። ልብ ወለድም እንደዚሁ ይሠራል።

አሁን ሁላችንም ወደምናውቀው መጽሐፍ ልምጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ያነበብነው ዘግይተን ነው፤ መጀመሪያ የሰማነው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ እንለዋለን፤ ልክ ነው። ግን የበዛብህ የዕድገት ታሪክም ነው። ከማንኩሳ ከድኻ ወላጆች ቤት ተነሥቶ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት አልፎ፣ ዲማ ደርሶ መምህር የሚሆን ወጣት ታሪክ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ትእምርት በዓይን አይታይም፤ ስለት ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ በስተርጅና ያገኙት ልጅ እንዳይሞትባቸው ይሳሉለታል፦ ይትረፍልን እንጂ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል ብለው።

አሁን ስለቱን እንከተለው። መጀመሪያ ሲነገር ምንድን ነው? ፍቅር ነው። ልጇ እንዳይሞትባት የምትፈራ እናት ከዚያ ሌላ ምን አላት? መዝገበ ቃላታችን እዚህ ላይ «ስለት፦ የእምነት ምልክት» ብሎ ይዘጋዋል። መጽሐፉ ግን አይዘጋውም። ልጁ ሲያድግ ያው ስለት ከቤት የሚያስወጣው፣ ወደ ትምህርት የሚሰደው ኃይል ይሆናል። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ሲያስመጡትና ልቡ ወደ ልጅቷ ሲሳብ ደግሞ ያው ስለት ከኋላው የሚከተል ጥላ ይሆናል። በመጨረሻም ልጁን ከሞት ለማዳን የተባለው ቃል ከሞት አላዳነውም። አንድ ቃል በአንድ ሕይወት ውስጥ በረከትም፣ ስንቅም፣ እስራትም ሆነ። የተሳሉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ሕመሙም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ፊታችሁን ወደ ሰብለ ቤት አዙሩ። ፊታውራሪ መሸሻ የሚመኩበት ዘር አለ፤ ለልጃቸው የሚመጥን ባል ከየት ይምጣ? ጠያቂ ሲመለስ ሲመለስ የልጅቷ ዕድሜ ያልፋል። በድኻው ቤት ስለት፣ በመኳንንቱ ቤት ዘር። አንዱ የሃይማኖት ቋንቋ ይናገራል፣ ሌላው የክብር። ሥራቸው ግን አንድ ነው፦ ገና ራሱን ያላወቀ ልጅ ዕጣ በወላጅ አፍ ይወሰናል። ይህን ማንም ገጸ ባሕርይ ተነሥቶ መስበክ ሳያስፈልገው፣ ሁለቱን ቤቶች ጎን ለጎን ስናይ ብቻ እንረዳዋለን። ጭብጥ በትእምርት ይተላለፋል ስንል እንዲህ ያለውን ማለታችን ነው።

«ጉዱ ካሣስ ይሰብክ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይሰብካል፤ ያውም በደንብ። ግን ስሙን ልብ በሉልኝ። ሰውዬው ካሣ ዳምጤ ነው። «ጉዱ» ያለው ሕዝቡ ነው። ልማዱን ስለጠየቀ ጉድ ተባለ። መጽሐፉን ስንጀምር በቅጽል ስሙ ፈገግ እንላለን፤ ስንጨርስ ግን «እውነት ጉዱ ማን ነበር?» እንላለን። ስሙ አልተለወጠም። የተለወጥነው እኛ አንባቢዎቹ ነን።

ሁለተኛው መከተል የምፈልገው ነገር ልብስ ነው። ሰብለ ወንጌል የአባቷን ቤት ጥላ በዛብህን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ስትነሣ መነኩሴ መስላ ነው የምትሄደው። በዚያች ሰዓት የምናኔው ልብስ ምንድን ነው? ነጻነት ነው፤ መንገድ የሚከፍት፣ ከጠያቂ ዓይን የሚሰውር። ለጊዜው የተዋሰችው ልብስ ነው። በዛብህን ስታገኘው ግን በሞት አፋፍ ላይ ነው፤ ይሞትባታል፤ እሷም መንኩሳ ትቀራለች። ልብሱ ያው ነው፤ ያኔ ማስመሰያ ነበር፣ አሁን እውነት ሆነ። ማምለጫዋ የነበረው መኖሪያዋ ሆነ። ያ ኅብረተሰብ ለዚያች ሴት የከፈተላት በር ሁለት ብቻ መሆኑን ልብሱ ነገረን፦ ወይ በዘር የተመረጠ ባል፣ ወይ ምናኔ። «የምንኩስና ልብስ፦ የንጽሕና ምልክት» ብሎ ያለፈ ተማሪ ይህን ሁሉ አላየም።

ይህ ልብስ የመለወጥ ነገር በአማርኛ ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት፣ «ጦቢያ» ብለን በምንጠራው ልብ ወለድ፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው ወንድሟን ፍለጋ የምትወጣው። እዚያ ግን መሰወሩ ያበቃል፤ ማንነቷ ይገለጣል፣ ታሪኩም በደስታ ይዘጋል። ከሃምሳ ስምንት ዓመት በኋላ ሰብለ የለበሰችው ልብስ አልወለቀም። ሁለቱን ልብሶች አጠገብ ለአጠገብ ስቀሏቸው፤ በመካከላቸው ደራሲዎቻችን ስለ አገራቸው የሚያምኑት ነገር ምን ያህል እንደተለወጠ ታያላችሁ።

ከውጭም አንድ ልጨምር። በቻርልስ ዲከንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ውስጥ ፒፕ የሚባለው የአንጥረኛ ቤት ልጅ ሀብት እንደተቆረጠለት ሲሰማ የሚሮጠው ወደ ልብስ ሰፊ ነው። አዲሱ ልብስ ለእሱ ሰው መሆን ማለት ነው። ኋላ ያሳደገው አንጥረኛ ጆ የክት ልብሱን ለብሶ ለንደን ድረስ ሊጠይቀው ሲመጣ፣ ፒፕ ያፍርበታል። ጆ ግን በዚያ ልብስ ልክ እንዳልሆነ፣ ልኩ የሥራ ልብሱ እንደሆነ በትሕትና ነግሮት ይሄዳል። ልብስ መጀመሪያ ዕድገት ነበር፤ በኋላ ልጁ ከማን እንደራቀ የሚለካበት ክንድ ሆነ። ገጠር ተወልዶ ከተማ ለተማረ ሰው ይህ ማብራሪያ ያስፈልገዋል?

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ሁሉ ነገር ትእምርት አይደለም። አባይን ውሰዱ። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አባይን ሳይሻገር አይመጣም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸውም ከጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው አዲስ አበባ የገቡት ተሻግረው ነው። ስለዚህ ወንዝ ባየን ቁጥር «የሕይወትና የሞት ድንበር» እያልን አንሩጥ። እኔ ለተማሪዎቼ ሦስት ጥያቄ እሰጣለሁ። ነገሩ ይደጋገማል ወይ? ሲመጣ ታሪኩ በሚታጠፍበት ቦታ ነው ወይ? ገጸ ባሕርያቱ የሚያዩት በተለያየ ዓይን ነው ወይ? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ተከተሉት። ካልሆኑ ወንዙ ወንዝ ይሁን፤ ምንም አይጎድልበትም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? የሥነ ጽሑፍ ሰው ላልሆነው መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የሒሳብ ባለሙያ ምኑ ነው?

ስለት ስላልቀረ ነዋ! ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው። «ይቺ ልጅ ዶክተር ትሆናለች» የሚለው ቃል ልጅቷ ገና እየዳኸች ይነገራል። በፍቅር ነው የሚነገረው፤ እንደ ውድነሽ ስለት። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ግን ቃሉ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። እያንዳንዳችን በወላጆቻችን ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለች የጋዋን ፎቶግራፍ አለችን። ለእናት የተፈጸመ ስለት ናት። ለተመራቂው በዚያን ቀን ድል ነበረች፤ ሥራ ፍለጋ በየቢሮው ደጅ በቆመበት ዓመት ግን ቀና ብሎ ሊያያት የማይፈልጋት ፎቶግራፍ ሆናለች። ጋዋኑ ያው ነው። ይህን ልዩነት በቃል መናገር የሚችል ወጣት ለእናቱም ለራሱም ሊያስረዳ ይችላል። መናገር የማይችለው ዝም ይላል፤ ወይ ይሄዳል። ልብ ወለድ ማንበብ የሚያስተምረን ይህንን ቋንቋ ነው፤ የፈተና መልስ ብቻ ሆኖ ሲቀር ቋንቋውን ነው የምንነጥቃቸው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለምኜ ልውረድ።

መምህራን፣ በፈተና ወረቀታችን ላይ «ይህ ነገር ምን ያመለክታል?» የሚለውን ጥያቄ አንድ ዓመት እናሳርፈው። በምትኩ «ይህ ነገር መጀመሪያ የታየው የት ነው? መጨረሻ የታየውስ? በመካከሉ የተለወጠው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መጽሐፉን ያላነበበ ሊመልሰው አይችልም። ለማረም ይከብደናል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ይሻላል።

የማኅበራችን አባላት፣ በየዓመቱ ለምሳና ለኬክ የምናዋጣው ገንዘብ አለ። ዘንድሮ ከእሱ ቀንሰን፣ በዚህ አካባቢ ላለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአንድ ክፍል ተማሪዎች የሚበቃ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንግዛ። አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ማለቴ አይደለም። ሁሉም ተማሪ በእጁ ይዞ፣ ስለቱንም ልብሱንም ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻ ገጽ በጣቱ እየተከተለ እንዲያነብ ነው። ዝርዝሩን የሚይዝ ሰው ከተገኘ የመጀመሪያውን አምስት መጽሐፍ እኔ ከፍያለሁ፤ የቀረውን ከምሳ በኋላ እንነጋገርበት።