ሐረግ ጽጌረዳ በናይሮቢ፤ አተካከሉና አጠባበቁ



የዚህ ንግግር ነገር አንድ ተክል ነው፤ ይኸውም ግድግዳ ተደግፎና አጥር ተሻግሮ የሚያድገው ሐረግ ጽጌረዳ ነው። መምህራን በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ አበባ መነጋገር ለአንዳንድ ሰው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ የተተከለ ሐረግ ጽጌረዳ አበባውን ሳያሳይ ተነቅሎ ሲጣል ማየት የተለመደ ነው። ለዚህም ምክንያቱ ሁልጊዜ የአፈሩ ክፋት ወይም የውኃው ማነስ አይደለም። ብዙ ጊዜ ተክሉ የሚጠፋው ሁለትና ሦስት ዓመት ታግሦ የሚጠብቀውን፣ ጠባዩንም የሚያውቅለትን ሰው በማጣቱ ነው።

ናይሮቢ ለምሳሌነት የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ምድር ላይ ትገኛለች፤ ስሟም ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. ከደረሰባት ወዲህ ከተማ ሆነች። በዚያ የሰፈሩትም እንግሊዞች በየቤታቸው ደጃፍ ጽጌረዳ ተከሉ። ይሁን እንጂ ለእንግሊዝ አገር የተጻፈው ምክር እንዳለ ለምድር ወገብ አገር አይሆንም። የኬንያ የአትክልት ማኅበር አባላትና ሌሎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ለምሥራቅ አፍሪካ የሚስማማ የአትክልት መምሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። እንዲሁም ከኢትዮጵያ ሄደው በናይሮቢ የሚኖሩ ወገኖች የአዲስ አበባን ልማድ እንዳለ ቢከተሉ አይቀናቸውም። በአዲስ አበባ ዋናው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ በናይሮቢ ግን ረጅሙ ዝናም ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ዝናም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘንማል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በዚያ ሰማዩ የደመነ፣ አየሩ የቀዘቀዘ፣ ዝናሙ ግን ጥቂት የሆነበት ወራት ነው።

ሐረግ ጽጌረዳ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ተክል አይደለም። በደጋና በወይና ደጋ፣ በየዱሩ ዳርና በየአጥሩ የሚበቅለው ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ ነው። አበባው ነጭ፣ መዓዛው ያማረ ነው፤ ፍሬውንም ቀልቶ ሲበስል እረኞች ይበሉታል። በሥነ ዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል፤ ይህም ስም የታተመው እንግሊዛዊው ጆን ሊንድሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ዓ.ም. ስለ ጽጌረዳ ወገኖች ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ምድር ተወላጅ የሆነ ጽጌረዳ ቀጋ ብቻ ነው። ዛፍ ያገኘ እንደሆነ እስከ 7 ሜትር ከፍታ ይወጣል።

ቀጋን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው የሐረግ ጽጌረዳን ጠባይ ሁሉ ከእርሱ ይማራል። ወይን እንደ ክር በቀጠነ ጅማት ተጠምጥሞ ይወጣል፤ ጽጌረዳ ግን እንዲህ ያለ ጅማት የለውም። ያለው መሣሪያ ወደ ታች የቆለመመው እሾሁ ብቻ ነው፤ ረጅሙን ዘንግ በጎረቤቱ ዛፍ ላይ ይጥልና በእሾሁ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ሐረግ ጽጌረዳ በእውነቱ የሚወጣ ሳይሆን የሚደገፍ ተክል ነው። በዱር ድጋፉ ዛፍ ነው፤ በቅጥር ግቢ ውስጥ ግን ድጋፉን የሚሠራለትና የሚያስረው ሰው ነው።

ሁለተኛው ጠባዩ ከአየሩ ጋር የተያያዘ ነው። በአውሮፓ ብርዱ ሲበረታ ጽጌረዳ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ አትክልተኛውም የመግረዣውን ጊዜ ከብርዱ ያውቃል። በናይሮቢ ግን ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ የለም፤ የቀንና የሌሊቱም ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ ነው። ጽጌረዳው ያለ ዕረፍት ያድጋል፤ ሳያርፍም ይደክማል። ስለዚህ በዚያ አገር ተክሉ ድጋፉን ብቻ ሳይሆን ዕረፍቱንም ከሰው እጅ ይጠብቃል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሥራ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመነጭ ነው።

በመጀመሪያ ስፍራውን መምረጥ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር አትክልተኛው ፀሐይ ፍለጋ ተክሉን ወደ ደቡብ ከሚመለከት ግድግዳ ያስጠጋል። ናይሮቢ ግን ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ከአንድ ዲግሪ ብዙም አትርቅም፤ የቀትር ፀሐይም በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። እንግዲህ የሚሻለው ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ግድግዳ ወይም አጥር ነው። የጧት ፀሐይ በቅጠሉ ላይ ያደረውን ጤዛ ቶሎ ታደርቀዋለች፤ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ግድግዳ ግን ከሰዓት በኋላ በሚበረታው ሙቀት ተክሉን ያጠወልገዋል።

ቀጥሎ አፈሩ ይታያል። ከናይሮቢ በስተ ምዕራብና በስተ ሰሜን ያለው ምድር ጥልቅ ቀይ አፈር ነው፤ ውኃ አያቁርም፣ ለጽጌረዳም ይስማማል። በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ ባለው ሜዳ የሚገኘው ግን ሲዘንምበት የሚጨቀይ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ መረሬ ነው። በመረሬ ላይ የሚተክል ሰው መደቡን ከፍ አድርጎ መሥራትና ውኃው የሚወርድበትን ቦይ ማበጀት አለበት፤ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል። ጉድጓዱ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 60 ሳንቲ ሜትርም ስፋት ቢኖረው መልካም ነው፤ ከግድግዳውም 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር ጣሪያው ዝናሙን ስለሚከለክለው ሁልጊዜ ደረቅ ነው። የወጣው አፈር በደንብ ከበሰበሰ የከብት ፍግ ጋር ተቀላቅሎ ይመለሳል፤ ትኩስ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥለዋል። ከችግኝ ጣቢያ የሚገዛ ጽጌረዳ ብዙ ጊዜ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተከተበ ነው፤ የተከተበበትም አንጓ በሙቅ አገር ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት። ከአንጓው በታች የሚወጣው ቡቃያ የሥሩ እንጂ የተፈለገው ጽጌረዳ አይደለምና፣ እንደ ታየ ከመነሻው ይገንጠል።

ድጋፉ ከተክሉ በፊት ይዘጋጃል። በግድግዳው ላይ ሽቦ በአግድም ይወጠራል፤ በአንዱና በሌላው መካከል 40 ሳንቲ ሜትር፣ ከግድግዳውም እስከ ሽቦው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። በዚህ ክፍተት ነፋስ ካላለፈ በሽታ አይጠፋም። ማሰሪያው ለስላሳ ሊሆን ይገባል፤ በኬንያ ቃጫ እንደ ልብ ስለሚገኝ ሌላ መግዛት አያስፈልግም። ማሰሪያው በሽቦውና በዘንጉ መካከል አንድ ጊዜ ተጠልፎ ላላ ተደርጎ ይታሰር፤ ጥብቅ ብሎ የታሰረ ዘንግ ሲወፍር ይታነቃል።

ከሥራው ሁሉ ዋነኛው ዘንጉን ማጋደም ነው። ሽቅብ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ የሚያብበው በጫፉ ብቻ ነው። ይህም የሚሆነው ከጫፉ ወደ ታች የሚወርድ ኦክሲን የተባለ ንጥረ ነገር በየአንጓው ያሉትን የቡቃያ ዐይኖች እንዳይበቅሉ ስለሚያግዳቸው ነው። ዘንጉ ወደ አግድም ተጋድሞ የታሰረ እንደሆነ ግን የጫፉ የበላይነት ይቀንሳል፤ ከየአንጓውም የጎን ቅርንጫፍ ይወጣል፤ በየቅርንጫፉም ጫፍ አበባ ይይዛል። በጫፉ ጥቂት አበባ ብቻ ይይዝ የነበረው ዘንግ በዚህ ዘዴ ከዳር እስከ ዳር ይሸፈናል። ዘንጉ የሚጋደመው ገና አረንጓዴና ለጋ ሳለ ነው፤ ከጠነከረ በኋላ ቢያጎብጡት ይሰበራል። ለጋም ቢሆን በአንድ ቀን አይታጠፍም፤ ሳምንት እየቆዩ ጥቂት ጥቂት እያዘነበሉ ማሰር ይገባል።

የመግረዙ ሥራ የሚወሰነው በተክሉ ዓይነት ነው። አንዱ ዓይነት ዘንጉ ቀጭንና ተጣጣፊ፣ አበባው ትንንሽና ዘለላ ሆኖ፣ በዓመት አንድ ጊዜ አምና በበቀለው እንጨት ላይ ያብባል፤ ይህ የሚገረዘው አበባው እንዳለፈ ነው። ሁለተኛው ዘንጉ ጠንካራ፣ አበባው ትልልቅ ሆኖ ደጋግሞ ያብባል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. ለተክል የተሰጠው የመጀመሪያው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ኒው ዶውን ለተባለው ሐረግ ጽጌረዳ የተሰጠ ነበር፤ የተገኘበት ተክል በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሲያብብ እርሱ ደጋግሞ የሚያብብ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ይህን ሁለተኛውን ዓይነት በናይሮቢ ለመግረዝ የሚመቸው ወራት የካቲት ነው። በጥርና በየካቲት ፀሐዩ ጠንክሮ ምድሩ ይደርቃል፤ ከመግረዙ በፊት ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ውኃውን ቀነስ ሲያደርጉለት ተክሉ ብርድ ያልሰጠውን ዕረፍት ያገኛል። ረጅሙ ዝናም በመጋቢት ሲጀምር አዲሱ ቡቃያ ውኃውን ተቀብሎ ይነሣል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከደረቀና ከታመመ እንጨት በቀር ምንም አይቆረጥም። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ካረጁት ዘንጎች አንዱ ወይም ሁለቱ ከሥር ይወገዳሉ፤ በምትካቸው ለጋዎቹ ይታሰራሉ። የጎን ቅርንጫፎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዐይን እስኪቀራቸው ያጥራሉ። መቁረጫው የተሳለና የጸዳ፣ ቁርጡም ከዐይኑ ጥቂት ከፍ ብሎ ያዘነበለ ይሁን።

በደረቁ ወራት ውኃ ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አይፈስስም። በየቀኑ ጥቂት ከማርከፍከፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ አጥግቦ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ጥልቁ እንዲወርድ ያደርገዋል። በአፈሩ ላይ ደረቅ ሣር ወይም የቡና ገለባ ቢነጠፍ እርጥበቱ ይቆያል። በዝናሙ ወራት በቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ደመና ደግሞ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይይዘዋል። በጥቁሩ ነጠብጣብ ታሞ የረገፈውን ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል ከመድኃኒት ይቀድማል። በለጋው ቡቃያ ላይ የሚሰፍረውን ክሽክሽ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ቀይ ጥንዚዛ ትበላዋለች፤ ሕፃናት በሚውሉበት ቅጥር ግቢ መርዝ ከመርጨት ይህችን ጥንዚዛ አለመግደል ይመረጣል።

ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በናይቫሻ ሐይቅ ዳር ጽጌረዳ በላስቲክ ቤት ይመረታል፤ ግንዱ እየተቆረጠ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። በኢትዮጵያም በዝዋይና በሆለታ እንዲሁ ይደረጋል። በዚያ አንዱ አበባ በተቆረጠ በሳምንታት ውስጥ ሌላው ይተካል። ሐረግ ጽጌረዳ ግን እንዲህ አይቸኩልም። በመጀመሪያው ዓመት ሥሩን ይሰድዳል፣ በሁለተኛው ዘንጉን ያወጣል፣ በሦስተኛው ያብባል። የገበያውን ጽጌረዳ የለመደ ዓይን በሁለተኛው ዓመት አበባ ሲያጣ ተክሉ መካን መስሎት ይነቅለዋል፤ ወይም ያፋጠነው መስሎት ዘንጉን ሁሉ ከሥር ይቆርጠዋል። በዚያ ቁርጥ የሁለት ዓመት ድካም አብሮ ይሄዳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ተክል ሥራም ይስማማል።

በትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ችግሩ ይበረታል። በመምህራን ማሠልጠኛ የሚማር ወጣት ጽጌረዳውን ተክሎ፣ ሳያብብ ትምህርቱን ጨርሶ ይሄዳል፤ መምህሩም ወደ ሌላ ስፍራ ይዛወራል። የሚመጣው ሰው የትኛው ዘንግ ያረጀ፣ የትኛው ለጋ እንደሆነ፣ ተክሉም በየትኛው ጊዜ እንደሚገረዝ አያውቅም። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለተክሉ አንድ ደብተር መክፈት ነው። የተተከለበት ቀን፣ የተክሉ ዓይነት፣ የታሰረውና የተቆረጠው ዘንግ፣ የመጀመሪያው አበባ የታየበት ቀን በየተራው ተረኛ በሆነው ተማሪ እጅ ይጻፍበታል። ዝናሙ ዘግይቶ እንደሆነ፣ ሻጋታው በየትኛው ሳምንት እንደ ጀመረ አብሮ ይመዘገባል። ይህም ራሱ ከመጽሐፍ ያልተቀዳ የሥነ ፍጥረት ትምህርት ይሆናል።

የኬንያ የትምህርት ዘመንም ለሥራው ይረዳል። በመጋቢት መጨረሻ የተተከለው ችግኝ ተማሪዎች በሚያዝያ ሲያርፉ በዝናም ይጠበቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ በሚሆነው ረጅም ዕረፍት ጊዜም አጭሩ ዝናም ያጠጣዋል፤ ደረቁ ጥር ሲገባ ተማሪዎቹ ይመለሳሉ። ዘበኛ ወይም ጎረቤት አደራ የሚባልበት የነሐሴው ዕረፍት ብቻ ነው።

እንግዲህ በሚመጣው የዝናም ወራት እያንዳንዱ ማሠልጠኛ አንድ ሐረግ ጽጌረዳ ቢተክል፣ ከተክሉም ጋር ደብተሩን ቢጀምር ወጪው ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ከአጥሩ ዳር ያለውን ቀጋ ከመቁረጡ በፊት ዘንጉን አጋድሞ አስሮ አንድ ሁለት ዓመት ይየው። የተከለው ተማሪ አበባውን ሳያይ ቢሄድም፣ ተከታዩ ደብተሩን ገልጦ የቀረውን ማሰሪያ ያስራል።