«ነፃ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ለትምህርት፣ ለምርምርና ለመዝናኛ የሚሆኑ ነፃ ሶፍትዌሮችና ድረ ገጾች

(በአቃቂ ቃሊቲ ግቢያችን ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው እንግዶች የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሳችን ቀላል ይመስላል። ገንዘብ ሳንከፍል ልንጠቀምባቸው የምንችላቸውን ሶፍትዌሮችና ድረ ገጾች መጠቆም ነው። ዝርዝሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ገጽ አባዝቼ ባደልኳችሁ ነበር። ነገር ግን ከዝርዝሩ በፊት አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም አንድን ነገር ነፃ የሚያሰኘው ምንድን ነው? የሚለው ነው። ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰኝ በራሴ ላይ የደረሰ ጉዳት ስለሆነ ከዚያው እጀምራለሁ።

አባቴ እዚሁ አቃቂ የኖሩ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚያስታውሱትን እየነገሩኝ እጽፍ ነበር። በ1991 ዓ.ም ስድሳ ያህል ገጽ ሞላልን። ጽሑፉን በአንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት በኮምፒውተር አስጽፌ በፍሎፒ ዲስክ አስቀመጥኩት። የታተመው ቅጂ ከዘመድ ወደ ዘመድ ሲዞር ጠፋ። አባቴ ካረፉ በኋላ ለሙት ዓመታቸው ላሳትመው ፋይሉን ስከፍት፣ ገጹ ሁሉ በላቲን ፊደላትና በማይገናኙ ምልክቶች ተሞልቶ አገኘሁት። አንዲት የአማርኛ ቃል አልነበረችበትም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል የሀገራችን ሰው፤ ኮምፒውተር ግን እንደሚለቅ ያን ቀን ተማርኩ።

ምክንያቱ ይህ ነበር። በዚያ ዘመን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን ያስቀምጡ የነበረው ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቁጥር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ፊደል ነው፤ «ሀ» መስሎ እንዲታይ የሚያደርገው ፎንቱ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ አምራች ደግሞ የየራሱ አመዳደብ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ፊደላችን ብዙ ስለሆነም በአንድ ፎንት አልበቃ ሲል በሁለትና በሦስት ፎንት ይከፋፈል ነበር። የእኔን ፋይል ከፍሎፒው ያሻገረልኝ ሰው የፎንቱን መረጃ አራግፎ ተራ ጽሑፍ አድርጎት ነበር። ምልክቶቹን ወደ ፊደል የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ አብዛኛውን አዳንኩ። ይሁን እንጂ የአባቴ የሥራ ባልደረባ የነበሩ የአንድ ሰው ስም የሚጀምረው በ«ጠ» ይሁን በ«ጨ» እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የሚጠየቅ ሰውም አልቀረም።

ያ ፕሮግራም ለእኔ ያለ ክፍያ ነበር፤ ጽሑፉን የከተበው ባለሙያ በኮምፒውተሩ የጫነው የተሰረቀ ቅጂ ነበርና። ገንዘብ አላስከፈለኝም። ነፃ ግን አልነበረም፤ የአባቴን ቃል አስሮ አስቀርቶታልና።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው የተሰረቀ ሶፍትዌር ነው፤ በየሱቁ በፍላሽ እየተገለበጠ የምናገኘው። ቁልፉ ሲሰበር ምን እንደተጨመረበት አናውቅም፤ ቫይረስ ይዞ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያጠፋውም ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ሁለተኛው ያለ ክፍያ የሚሰጥ ግን የባለቤቱ የሆነ ነው፤ ባለቤቱ ነገ ሊዘጋው ወይም ዋጋ ሊቆርጥለት ይችላል። ሦስተኛው በእውነት ነፃ የሆነው ነው። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ካወጀ ወዲህ የዚህ መለኪያ አራት መብቶች ሆነዋል፤ ፕሮግራሙን ለፈለጉት ዓላማ ማሠራት፣ አሠራሩን ማጥናትና ማሻሻል፣ ለሌላ ማካፈል፣ ያሻሻሉትንም ማሰራጨት። በእኛ ቋንቋ «በነፃ» እና «ነፃ» የሚሉት ቃላት በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ የፍቺያቸው ርቀት ግን ሰፊ ነው።

እኔ መሣሪያ ስመርጥ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ቋንቋዬን በትክክል ይጽፋል? ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል? ሥራዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ? አሁን የምጠቁማችሁን ሁሉ በእነዚህ መዝኑልኝ።

ከጽሕፈት እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከ340 በላይ ለሆኑ የኢትዮጵያ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች የየራሳቸውን ቋሚ ቁጥር ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትም ኮምፒውተር «ሀ» ነው። ለመጻፍ ኪይማን የተባለውን ፕሮግራም ጫኑ። ቀድሞ በሽያጭ ይቀርብ ነበር፤ ዛሬ ምንጩ ክፍት የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ በኮምፒውተርም በስልክም የአማርኛ ገበታ አለው። ለፎንት አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤልን እመክራለሁ፤ ፈቃዱ መገልበጥንም ማሻሻልንም ይፈቅዳል። ለሰነድ ሊብሬኦፊስ ይበቃል። የሰነድ ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የጸደቀ ስለሆነ የአንድ ድርጅት መክሰም ጽሑፋችሁን አይዘጋባችሁም። ያረጀ ፋይል በቤታችሁ ካለ ግን ዛሬውኑ ወደ ዩኒኮድ መልሱት፤ የጻፈው ሰው በሕይወት እያለ።

ወደ ምርምር እንለፍ። ዞቴሮ በአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የዋቢ ጽሑፎች ማደራጃ ነው። ያነበባችሁትን ይመዘግባል፤ ጥቅሱንና የዋቢውን ዝርዝር በምትፈልጉት ሥርዓት ያዘጋጃል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዞቴሮ ስምንና የቤተሰብ ስምን ለይቶ ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስማችን የአባታችን ነው። ሳታስተውሉ ከሞላችሁት የዋቢ ዝርዝራችሁ ልጆቹን ትቶ አባቶቹን ደራሲ ያደርጋል። ከስሙ ሳጥን አጠገብ ያለችውን ምልክት ብትጫኑ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ፤ ሙሉ ስሙን በተለመደው ቅደም ተከተል ጻፉበት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የሊቃውንቶቻችን ስም በዓለም የዕውቀት መዝገብ በትክክል መቀመጡ የሚጀምረው ከእያንዳንዳችን ጠረጴዛ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ኔትወርክ ነበር። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል በተቋረጠ ጊዜ ሥራው ሁሉ በደመና ላይ የነበረ ሰው ሥራውን ማየት እንኳ አልቻለም። ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ መልስ አለው። ዊኪፒዲያንና ሌሎች የትምህርት ገጾችን አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ የአማርኛው ግን በማንኛውም ስልክ ይገባል። አንድ ተማሪ እዚህ ግቢ አውርዶ ክረምት ሲገባ ወደ ትውልድ ቀዬው ይዞ ቢሄድ፣ ላለፈበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሰጠ ማለት ነው። መገልበጡ ሕጋዊ ነው፤ እንዲያውም የተፈለገው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ከደጃችን የሚነሣ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በክረምት ሲሞሉ ከዳር ያሉ ቤቶችና ማሳዎች ምን እንደሚደርስባቸው ለዚህ አካባቢ ነዋሪ መንገር አያስፈልገኝም። ይህን ለማጥናት ውድ ሶፍትዌር አያሻም። ኪው.ጂ.አይ.ኤስ ነፃ የካርታ መሣሪያ ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ ማንም የሚያርመው የዓለም ካርታ ነው፤ መንደራችሁ ካልተመዘገበ ራሳችሁ ትመዘግቡታላችሁ። የአውሮፓ ኮፐርኒከስ መርሐ ግብር የሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች እስከ 10 ሜትር የሚለይ ምስል ያለ ክፍያ ይሰጣል። የክረምት ደመና ምስሉን ሲጋርደው ደግሞ ሴንቲኔል 1 በራዳር ደመናውን አልፎ ውኃውን ያሳያል። የሰኔንና የነሐሴን ምስል በካርታው ላይ አነባብሮ ውኃ የት እንደተኛ ማመልከት ለአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። እንዲህ ያለ ካርታ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ምን ያህል እንደሚጠቅም አስቡት።

አራተኛው ለታሪክና ለቋንቋ ተማሪዎች ነው፤ መሐንዲሶችም ብታዩት አትጸጸቱም። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ የንባብ ክፍል አለው፤ በነፃ ተመዝግቦ መግባት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተቀርጸዋል፤ ብዙዎቹ ዛሬ በዚያ ይነበባሉ። ይህን ስብስብ ለዓመታት ገጽ በገጽ አንብበው ካታሎግ ካዘጋጁት ሊቃውንት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በደርግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ሀገራቸውን የለቀቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉ ሰው ናቸው። የእርሳቸውን ልፋት ዛሬ ከቂሊንጦ ሆናችሁ በስልካችሁ ትከፍቱታላችሁ። የማናነበው ከሆነ ግን «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» መባላችን አይቀርም።

ትምህርት ብቻውን ሰው አያደርግምና መዝናኛም አለኝ። ስቴላሪየም ሰማዩን በስክሪናችሁ የሚዘረጋ ነፃ ፕሮግራም ነው። ቦታውን አዲስ አበባ ብላችሁ የዛሬን ማታ ሰዓት ስትመርጡ የትኛው ፕላኔት ከየት እንደሚወጣ ያሳያችኋል፤ መብራት በሚጠፋበት ምሽት ደግሞ ወጥታችሁ ከእውነተኛው ጋር ታስተያዩታላችሁ። ቼዝ ለምትወዱ ሊቼስ አለ፤ ማስታወቂያም ክፍያም የሌለበት፣ ምንጩ ክፍት የሆነ፣ በልገሳ የሚተዳደር። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ መጀመሪያ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ባንድ ጊዜ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ይህም ወረራ ይባል ነበር። ከእናንተ መካከል ፕሮግራም ጻፊ የሆነ ሰው የሰንጠረዥን ሕግ በነፃ ሶፍትዌር ቢሠራልን፣ ከዚህ ገለጻ የሚበልጥ ፍሬ ነው።

አሁን ለትችት በር ልክፈት። ነፃ ሶፍትዌር ሁሉ ከሚሸጠው ይበልጣል አላልኩም። ለሥሌት ኦክታቭ የማትላብን ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ሁሉንም ግን አይሠራም። የግንባታ ንድፍ ተማሪዎች ነገ የምትቀጠሩበት መሥሪያ ቤት የሚጠይቃችሁን የሚሸጠውን ፕሮግራም መማር አለባችሁ፤ አምራቾቹ ለተማሪ የሚሰጡት ሕጋዊ ፈቃድ ካለ በእርሱ ተጠቀሙ። እኔ የምለው ይህን ነው፤ አማራጭ ባለበት ቦታ ሁሉ መስረቅን ልማድ አናድርግ፤ በምንም መሣሪያ ብንሠራ ደግሞ ሥራችንን ልናወጣው በምንችለው ቅርጽ እናስቀምጥ።

ነፃ የሆነ ነገር ወጪ የለውም ማለትም አይደለም። አንድ ሰው ሌሊቱን ነቅቶ ሠርቶታል። የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች አሉት፤ የአማርኛው 15 ሺህ ያህል ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የጻፊ ቁጥር ነው። ከዚህ አዳራሽ የወጣ እያንዳንዱ ሰው በዓመት አንድ መጣጥፍ ቢጽፍ፣ አንድ መንገድ በካርታ ላይ ቢያሰፍር፣ የአንድ ፕሮግራም ምናሌ ወደ አማርኛ ቢመልስ፣ ተቀባይ ብቻ መሆናችን ይቀራል።

የአባቴ ጽሑፍ ዛሬ በዩኒኮድ ተጽፎ፣ በሦስት ቦታ ተቀምጦ ይገኛል። ያ ስም ያለበትን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ፤ ገምቼ ልሞላው አልደፈርኩም። እናንተ ግን የአያቶቻችሁን ስም በትክክል ለመጻፍ ጊዜም መሣሪያም አላችሁ፤ መሣሪያው ነፃ ነው፤ ጊዜው ግን አይደለም።