እንጀራና የመኖሪያ ፈቃድ በአንድ ገመድ ሲታሰሩ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ በባሕር ማዶ ተቀጥሮ የሚሠራ ባለሙያ በኤኮኖሚ ድቀት ጊዜ ስለሚገጥመው ችግር ነው። ርእሱ ሰፊ በመሆኑ በአንድ ከተማ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ ላቀርበው መርጫለሁ። ከተማይቱ ዱባይ ናት፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 እስከ 2010 ያለው ነው። ወደ ፊት የምጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ይህን የመረጥኩት ግንባታ የእኛ ሙያ ስለሆነና ከመካከላችን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመሄድ የሚያስቡ ስለማይታጡ ነው።

እንደሚታወቀው ዱባይ የጎረቤቷን የአቡ ዳቢን ያህል ነዳጅ የላትም። ዕድገቷ በንግድ፣ በእንግዳ መስተንግዶ፣ በሕንፃ ሽያጭና በብድር ላይ የቆመ ነበር። ቤቶች ገና በወረቀት ላይ ሳሉ ይሸጡ ነበር፤ ገዢውም የመጀመሪያውን ክፍያ ከፍሎ፣ መሠረቱ ሳይቆፈር ለሌላ አትርፎ ይሸጥ ነበር። ሊማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ በሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ሲከስር ግን በዓለም ዙሪያ የብድር ምንጭ ነጠፈ። ብድር ሲነጥፍ ገዢ ጠፋ፤ ገዢ ሲጠፋ የሕንፃው ባለቤት ለሥራ ተቋራጩና ለአማካሪ መሐንዲሱ የሚከፍለውን አጣ። ናክሂል የተባለው ኩባንያ በኦክቶበር 2008 ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃ እንደሚሠራ አስታውቆ፣ በኖቬምበር መጨረሻ 500 ሠራተኞችን ቀነሰ፤ በጃንዋሪ 2009 ደግሞ ያንኑ ሕንፃ አቆመ። ዱባይ ወርልድ የተባለው እናት ድርጅቱ በኖቬምበር 25 ቀን 2009 ዕዳ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምለት አበዳሪዎቹን ለመነ። በዲሴምበር አቡ ዳቢ 10 ቢሊዮን ዶላር ሰጥታ ደረሰች። በጃንዋሪ 4 ቀን 2010 የተመረቀው ባለ 828 ሜትሩ ሕንፃም «ቡርጅ ዱባይ» የነበረው ስሙ ተለውጦ በአቡ ዳቢው ገዢ ስም «ቡርጅ ኸሊፋ» ተባለ።

ከተማይቱ እንግዲህ ደራሽ ጎረቤት አገኘች። የውጭ አገሩ ባለሙያ ግን ደራሽ አልነበረውም። በአገሩ ሥራ ያጣ ሰው የሚያጣው ደመወዙን ነው፤ ቤቱና ዘመዱ ይቀሩለታል። በባሕረ ሰላጤው የመኖሪያ ፈቃድ የሚገኘው በአሠሪው በኩል ስለሆነ፣ ሥራውን ያጣ ሰው የመኖር መብቱንም አብሮ ያጣል። በዚያን ጊዜ ፈቃዱ ከተሰረዘ በኋላ በብዙው የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነበር። በነዚህ ቀናት ውስጥ ሌላ አሠሪ መፈለግ፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት ማስወጣት፣ ዕቃ መሸጥ፣ ዕዳ ማጠናቀቅ ያስፈልግ ነበር። የቤት ኪራይ የሚከፈለው ቀናቸው ወደ ፊት በተጻፈ ቼኮች ነበር፤ ባንክም ሲያበድር ቼክ በመያዣነት ይቀበል ነበር። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወቅቱ ያሳስር ስለነበር፣ ዕዳቸውን መክፈል ያልቻሉ አንዳንድ ሰዎች መኪናቸውን በአውሮፕላን ማረፊያው ትተው አገሩን ለቀው ሄዱ።

«የስንብት ክፍያ አለ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ አለ። በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ሕግ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል። ነገር ግን የሚታሰበው በመሠረታዊው ደመወዝ ብቻ ነው፤ የቤትና የመጓጓዣ አበል አይገባበትም። ለምሳሌ በወር 12,000 ድርሃም የሚያገኝ መሐንዲስ መሠረታዊ ደመወዙ 6,000 ቢሆንና አራት ዓመት ቢያገለግል፣ የሚደርሰው 16,800 ድርሃም ነው። ይህም ይኖርበት ከነበረው ገቢ አንድ ወር ተኩል አይሞላም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ እንደ ተሻሻለ መካድ አይገባም። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በስንቅ ማነስ ብቻ የተመለሰ ቼክ በአብዛኛው ከወንጀልነት ወጥቶ በአፈጻጸም የሚጠየቅ ሆኗል። ከፈቃድ መሰረዝ በኋላ ያለው የቆይታ ጊዜም እንደ ፈቃዱ ዓይነት ተራዝሟል። በ2023 የሥራ አጥነት መድን ተጀምሯል፤ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወራት ለከፈለና ከአገሪቱ ላልወጣ ሰው ከመሠረታዊ ደመወዙ 60 በመቶው እስከ ሦስት ወር ይከፈለዋል። ይሁን እንጂ ዋናው ነገር አልተለወጠም። ለብዙው ተቀጣሪ መኖሪያው የታሰረው አሁንም ከሥራው ጋር ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። በባሕር ማዶ የሚከፈለው ከፍ ያለ ደመወዝ ሁሉም የጉልበትና የዕውቀት ዋጋ አይደለም፤ ከፊሉ የአደጋ ዋጋ ነው። ምሰሶ ስንነድፍ ይመጣበታል ከምንለው ክብደት በላይ እንዲሸከም አድርገን እንነድፋለን፤ ለራሳችን ኑሮ ግን ይህን ስሌት እንነፍገዋለን። አበው «መጥኖ መደቆስ» ያሉት ለዚህ ነው። የሚሄድ ባልደረባ ውል ከመፈረሙ በፊት መሠረታዊ ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ ይጠይቅ። በዚያ አገር የሚገባው ዕዳ ከስንብት ክፍያው አይብለጥ። የስድስት ወር ቀለብና የመመለሻ ትኬት በማይነካ ቦታ ያስቀምጥ። የሥራ ልምድ ማስረጃውንም ሥራው ሳይቆም በየዓመቱ ይቀበል፤ ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ የሚጽፍለት አያገኝምና።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ዝምታው ነው። ወላጆቹ ሠርቶ እንደሚልክ፣ ታናናሾቹ በእርሱ እንደሚማሩ የሚያውቅ ሰው ሥራ መፍታቱን ለመናገር ያፍራል። ተበድሮ ይልካል፤ ፈቃዱ አልቆ ይደበቃል። ይህን ኀፍረት የምንጭነው እኛ ነን። የተመለሰን ሰው «ምን ይዘህ መጣህ?» ብለን ስንቀበለው፣ ገና ያልተመለሰው ይሰማናል።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን እንዲያስብባቸው አሳስባለሁ። በውጭ ያሉትን አባላት መዝግቦ በየጊዜው ይጻፍላቸው፤ የሚሄዱትን ውል የሚመለከትና የሚመክር ኮሚቴ ያቁም፤ የሚመለሱትንም በውጭ የሠሩበትን ዘመን እንደ ሙሉ አገልግሎት ቆጥሮ ከሥራ ጋር ያገናኝ። የዓለም ገበያ ሲወድቅ ማቆም አንችልም፤ የወደቀበትን ባልደረባ ማንሣት ግን እንችላለን።