የኤልኒኞ ትንበያና የዘር ዝግጅታችን



ኤልኒኞ በፓስፊክ ውቅያኖስ የሚከሰት ሙቀት ነው። ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ሲደክም የሞቀው ውኃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ ይህ ሙቀት ደግሞ ነፋሱን ይብስ ያዳክመዋል። ስለዚህ አንዱን ለብቻው ማስላት አይበቃም። ማርክ ኬንና ስቲቨን ዜቢያክ ባሕሩንና አየሩን በአንድ የኮምፒውተር ሞዴል አጣምረው እ.ኤ.አ. በ1986 ኤልኒኞን አስቀድመው ተነበዩ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በብዙ አካባቢ ዝናቡ ሲከዳ ዋናው ምክንያት ይኸው ኤልኒኞ ነበር።

ሞዴሎቹ ከግንቦት በፊት ስለ ክረምቱ የሚሰጡት ትንበያ ግን ደካማ ነው። ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላችን ደግሞ ሚያዝያ ላይ ይዘራል፤ ትንበያው እስኪጠራ አይጠብቅም! ስለሆነም ዩኒየኑ ቶሎ የሚደርስ የጤፍ ዘር በመጋዘን ይያዝ እላለሁ፤ ማሽላው ቢከሽፍ አርሶ አደሩ ሐምሌ ላይ የሚዘራው እንዲያገኝ። በደህና ዓመት ዘሩ ሊተርፍ ይችላል፤ ወጪ መሆኑን አልክድም። የሥራ አመራር ኮሚቴው በቀጣዩ በጀት ይመልከተው።