በር ያስከፈቱና ቤት የሠሩ ሴቶች

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በማለዳ ከገርጂ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄድ ሰው፣ የትምህርት ቤት ልብስ የለበሱ ሴቶችና ወንዶች ልጆች ጎን ለጎን ሲጓዙ ያያል። ነገሩ ዕለት ዕለት የሚታይ ስለ ሆነ ማንም ቆም ብሎ አያስተውለውም። ዳሩ ግን አንድ ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት መግባቱ ጦር ያስዘመተበት ጊዜ ነበረ። ስለዚህ ጉዳይ የደከሙ ሁለት ጥቁር ሴቶችን ዛሬ ላስታውሳችሁ እወዳለሁ።

የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ወይዘሮ ዴዚ ቤትስ ናቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት ወር 1946 ዓ.ም. ጥቁርና ነጭ ልጆችን በትምህርት ቤት መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብሎ ፈርዶ ነበር። ነገር ግን ፍርድ መጻፉና ፍርድ መፈጸሙ ለየቅል ነው። በአርካንሶ ግዛት በሊትል ሮክ ከተማ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች የነጮች ብቻ ወደ ነበረው ትምህርት ቤት ሊገቡ ቢመጡ፣ አገረ ገዥው በወታደር አገዳቸው። ከዘጠኙ ስድስቱ ልጃገረዶች ነበሩ። ወይዘሮ ዴዚ ልጆቹን በቤታቸው እየሰበሰቡ አበረቱአቸው፤ የቤታቸው መስኮት በድንጋይ ቢሰበርም አላፈገፈጉም። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፌዴራል ጦር ላኩና፣ መስከረም 15 ቀን 1950 ዓ.ም. ልጆቹ በወታደር ታጅበው ገቡ። ወይዘሮዋ ግን ዋጋውን ከፈሉ፤ ከባለቤታቸው ጋር ያሳትሙት የነበረው ጋዜጣ ማስታወቂያ ተነፍጎት በ1952 ዓ.ም. ተዘጋ።

ሁለተኛዋ በእኛው ከተማ የኖሩ ናቸው። ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ በባርቤዶስ ደሴት ተወልደው በኒው ዮርክ የኖሩ ሴት ነበሩ። በዚያን ጊዜ በሃርለም የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር ጥቁር ሕዝብ ኑሮውን በገዛ እጁ እንዲያቋቁም ያስተምር ነበር። የማኅበሩ የሙዚቃ መሪ የነበሩት አርኖልድ ፎርድ በዘውዱ በዓል ሰሞን፣ በ1923 ዓ.ም. ገደማ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ወይዘሮ ሚኞንም ተከትለው መጡ፤ ባልና ሚስትም ሆኑ። የጣልያን ጦርነት በተነሣበት ሰሞን ባለቤታቸው ሲሞቱ ሁለት ሕፃናት በእጃቸው ቀሩ። ከባሕር ማዶ የመጡ ብዙዎች ሲመለሱ፣ እሳቸው አምስቱን የጠላት ዘመን እዚሁ አሳለፉ።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት እንደ ተመለሰ ብዙም ሳይቆዩ ቤተ ዑራኤል የተባለ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ይህም በኋላ የልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት ተባለ። ቀደም ብለው የተቋቋሙት ትምህርት ቤቶች ተፈሪ መኰንን ለወንዶች፣ እቴጌ መነን ለሴቶች ነበሩ። በወይዘሮ ሚኞን ዘንድ ግን ሴቱም ወንዱም በአንድነት ይማር ነበር።

እንግዲህ አንዷ የተዘጋ በር አስከፈቱ፤ ሌላዋ በር የሚሆንለትን ቤት ሠሩ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቱ ሞልቶ ሳለ መግቢያው ተከልክሎ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ከልካይ ሕግ ባይኖርም ትምህርት ቤቱ ጥቂት ነበር። ሁለቱም ሴቶች የበላይ ትእዛዝ እስኪመጣ አልጠበቁም።

እኛ የቢሮ ሰዎች ትእዛዝና መዝገብ ማክበር ለምደናል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን መብት በመዝገብ ብቻ አይፈጸምም። ከገጠር መጥታ በየቤታችን እንጀራ የምትጋግርልን፣ ልጆቻችንን ለትምህርት ቤት አልብሳ የምትሸኝልን ልጃገረድ አለች። እርስዋን ከትምህርት ቤት የሚከለክል አገረ ገዥ የለም፤ በድንጋይ የሚወግራትም የለም። የማታ ትምህርት የምትገባበትን ሁለት ሰዓት የምንሰጣት ወይም የምንነሣት እኛው ነን።

በሊትል ሮክ በሩን በወታደር የዘጋውን ሰው ሁላችንም እንነቅፈዋለን። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንገባ ግን የራሳችንን በር እንመልከት።