«አባትህ ምን ይሠራል?»

(የተማሪዎች ማኅበር በሐዋሳ፣ ጉዱማሌ ባደረገው ስብሰባ መዝጊያ ላይ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ የተናገረው)





ስለ ሥራ ክብር የሚደረግ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ በአዳራሽ ውስጥ ነው። ተናጋሪው ከረባት አሥሮ፣ ውኃ በብርጭቆ ቀርቦለት ይናገራል፤ አዳራሹን የጠረጉት ሴትዮ ግን በር ላይ ቆመው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። እኛ ዛሬ ከሐይቁ ዳር፣ ከጉዱማሌ ዛፎች ሥር፣ ሣር ላይ ተቀምጠናል። ቦታውን የመረጥነው እንዲሁ ለነፋሱ ብለን አይደለም።

እንደምታውቁት የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን፣ ፍቼ ጨምበላላን፣ የሚያከብረው በዚህ ሜዳ ነው። አያንቶዎች ከዋክብትን ተመልክተው ቀኑን ይወስናሉ። ሕዝቡም ቄጣላ እየዘፈነ ሲሰበሰብ ሽማግሌዎች ይመክሩታል። ምክራቸው አጭር ነው፤ ተግታችሁ ሥሩ፣ ታላላቆቻችሁን አክብሩና ደግፉ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ ከልመና፣ ከስንፍና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት ራቁ ይላል። ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተጽፏል። እንግዲህ «ተግታችሁ ሥሩ» የሚለው ቃል በዚህ ሜዳ ላይ ከእኛ በፊት ብዙ ጊዜ ተነግሯል ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ዛሬ የምጨምረው ነገር ቢኖር፣ ከዚያው ምክር ውስጥ ስለ ሐሰት ምስክርነት የተባለውን ነው። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከእኔ በፊት አራት እንግዶች ስለ ሥራቸው ሲናገሩ ሰምታችኋል። ማኅበራችን ለሁሉም ያቀረበላቸው ጥያቄ አንድ ነበር፤ በሥራዎ የሚኮሩት በምንድን ነው የሚል። ምን ያህል ደመወዝ ያገኛሉ ወይም ምን ችግር አለብዎ አላልናቸውም። ያን ጥያቄ ሁሉም ሰው ይጠይቃቸዋል። በምን ይኮራሉ ብሎ የጠየቃቸው ግን ከዚህ በፊት እንዳልነበረ ከፊታቸው ላይ አይተናል። ሁሉም መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር።

ዓሣ አስጋሪው እንግዳችን መኖሪያቸው ከዚሁ ከአሞራ ገደል አጠገብ ነው። በብዛት ስለሚይዙት ቆሮሶና አምባዛ ይነግሩናል ብለን ስንጠብቅ፣ እርሳቸው የነገሩን ስላልያዙት ዓሣ ነው። ዓይኑ የጠበበ መረብ ጫጩቱን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል፤ ለዛሬ ገበያ ይጠቅማል፤ ለከርሞ ግን ሐይቁን ባዶ ያደርጋል። እርሳቸው በእንዲህ ዓይነት መረብ አጥምደው አያውቁም። ጎረቤታቸው ጀልባውን ሞልቶ ሲመለስ እርሳቸው ግማሽ ይዘው የተመለሱበት ቀን ብዙ ነው። የሚኮሩት በዚያ ግማሽ ጀልባ መሆኑን ሰምተናል።

የትራፊክ ፖሊሷ እኅታችን ደግሞ ማለዳ በትምህርት ቤት ደጃፍ ስለሚያሻግሯቸው ሕፃናት ነገሩን። የሐዋሳን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ ባጃጁ ከግራም ከቀኝም ይመጣል። በዝናብም በፀሐይም መቆም አስቸጋሪ መሆኑን አልሸሸጉንም። ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚያውቁትን ሰው መቅጣት ነው አሉ። የእናታቸው ጎረቤት ጥፋት ሠርቶ ሲገኝና «አንቺ የእገሌ ልጅ አይደለሽም እንዴ» ሲላቸው፣ የቅጣት ወረቀቱን ጽፈው በእጁ መስጠት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሰፈር ውስጥ ስማቸው ይነሣል። ቢሆንም ደብተራቸውን በዚያ ቀን ሳይዘጉት በመቅረታቸው ይኮራሉ።

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጡት ልብስ ሰፊ የተናገሩትን ለኋላ ላቆየውና ወደ ሹፌሩ ልለፍ። ጋሼ በጭነት መኪና ላይ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ከጅቡቲ ወደብ እስከዚህ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጋላፊ ይገባሉ፤ የአፋርን በረሃ በሚሌ፣ በአዋሽ አድርገው ሞጆ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በዝዋይና በሻሸመኔ ወደ እኛ ይመጣሉ። እኔ በልጅነቴ ጎበዝ ሹፌር ማለት የሚፈጥን ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ግን በወጡበት ማርሽ ስለ መውረድ ነገሩን። ዳገቱን በከባድ ማርሽ የወጣ ሰው ቁልቁለቱንም በዚያው ማርሽ መውረድ አለበት። ፍሬኑን ብቻ አምኖ የለቀቀ እንደ ሆነ ፍሬኑ ይግላል፣ ይከዳል። ተሳቢው ከኋላ ይገፋል፤ ከፊት ሰው አለ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከኋላቸው የነበረው መኪና ሁሉ ጥሩምባ እየነፋባቸው በዝግታ መውረዳቸውን ነው እንደ ኩራት የቆጠሩት።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እነዚህን ንግግሮች አንድ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ። አራቱም በማዕረጋቸው ወይም በጉልበታቸው አልኮሩም። የኮሩት ማንም ሳያያቸው ማጥፋት ሲችሉ ባላጠፉት ነገር ነው። ይህን ከየትኛው መጽሐፍ እንማረው ነበር?

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ እመለሳለሁ።

አባቴ ሹፌር ነው። በወጣትነቱ ፊያት ኤንትሬ ይነዳ ነበር፤ ዛሬም በዚያው በጅቡቲ መስመር ይሠራል። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት በመኝታ ክፍል ውስጥ እርስ በርሳችን ስንተዋወቅ አንዱ «አባትህ ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከእኔ በፊት የመለሱት የሐኪም ልጅና የዳኛ ልጅ ነበሩ። እኔም «ነጋዴ ነው» አልኩ። ነገሩ በዚህ ቢቀር ደግ ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አባቴ ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ሊጠይቀኝ መጣ። መኪናውን ከበሩ ራቅ አድርጎ አቁሞ፣ የቴምር ካርቶን ይዞ፣ እጁ ላይ ግራሶ እንዳለ ቆሞ አገኘሁት። ከጓደኞቼ ጋር ነበርኩ። ማን እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ «የሰፈራችን ሰው ነው» አልኩ።

አባቴ ሰምቷል። ምንም አላለም። ካርቶኑን ለእኔ ሳይሆን ለጓደኛዬ ሰጠውና «አባቱ የላኩለት ነው» ብሎ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ በዚህ ሜዳ ስለ ሐሰት ምስክርነት ሲመክሩ በፍርድ ቤት ስለሚደረገው ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ዳኛ በሌለበት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ አባቴ ላይ በሐሰት መሰከርኩ። የበላሁት እንጀራ፣ የለበስኩት ልብስ፣ የተማርኩበት ደብተር በዚያ በግራሶ እጅ የመጣ ነው።

ይህን የምናገረው ለኑዛዜ ብቻ አይደለም። ይህ ዓይነቱ እፍረት የእኔ ብቻ አለመሆኑንና ሥሩም ረጅም መሆኑን ስለማውቅ ነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸክላ የምትሠራው በሥራቸው ሲሰደቡ፣ ቡዳም እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን በእኛ መኝታ ክፍል ውስጥ አለ።

ይህ የሰሜኑ አገር ጠባይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር በዚሁ በሲዳማም ሸክላ የሚሠሩት ሀዲቾዎች፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ቱንቲቾዎች፣ ቆዳ የሚያለፉት አዋቾዎች ለብዙ ዘመን በጋብቻ ተለይተው መኖራቸውን ያስታውስ። ዳሩ ግን በፍቼ ዕለት ቡርሳሜው የሚቀርበው በምንድን ነው? በሻፌታ ነው። ሻፌታውም ሸክላ ነው። ከሸክላው በልተን ሸክላ ሠሪዋን የምንንቅ ከሆነ በዓሉን በግማሽ ልብ አክብረናል ማለት ነው።

ስለ ፖሊስም እንዲሁ አንድ ነገር ልበል። እኛ ተማሪዎች ፖሊስን በጥርጣሬ የመመልከት ልማድ አለን። ለዚህም በታሪካችን በቂ ምክንያት አለ፤ የቀደሙት ተማሪዎች በየዘመኑ ያዩትን አልረሳንም። ነገር ግን ደንብ ልብስ በለበሰ ሰው ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ፍርድ መስጠት፣ ግራሶ የነካውን እጅ ሁሉ ከመናቅ በምን ይለያል? ሰው የሚፈራውን ፖሊስና ሰው የሚያከብረውን ፖሊስ ለይተን ማወቅ አለብን። በመፈራቱ የሚኮራ ፖሊስ፣ በመፍጠኑ ከሚኮራ ሹፌር ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም የተሰጣቸውን አደራ ለመታያ አድርገውታል።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዋ እኅታችን ልመለስ። እርሳቸው የሰፉት ሸሚዝ ባሕር ተሻግሮ በማያውቁት ሰው ትከሻ ላይ በመዋሉ እንደሚኮሩ ነገሩን፤ እኛም አጨበጨብን። ቀጥለው የተናገሩት ግን ጭብጨባ የሚገባው አልነበረም። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየገጠሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች መጥተው ተቀጠሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አገራችን አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ስትወጣ ግን፣ አብረዋቸው ይሰፉ ከነበሩት ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ መጡበት ተመለሱ። በስፌታቸው ላይ ጉድለት አልተገኘም፤ ውሳኔው የተወሰነው እነርሱ በማያውቁት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ስለዚህ «ሥራ ክቡር ነው» የምንል ሰዎች መጠንቀቅ ይገባናል። ይህ ቃል ደመወዝ ላለመጨመር ማባበያ ሆኖ ሲያገለግል አይተናል። ኩራት የቤት ኪራይ አይከፍልም። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም፣ መሥራቾቹ በሥራቸው የሚያፍሩ ሰዎች ስለ ነበሩ አይደለም ማኅበር የፈለጉት። እንዲያውም ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው ዋጋውን የሚጠይቀው። ክብሩን በአፍ ሰጥቶ ዋጋውን በእጅ የሚነሣ፣ ሠራተኛውን ሁለት ጊዜ በድሎታል።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ታዲያ እኛ አራት ዓመት የተማርነው ሹፌር ለመሆን ነው?» የሚል ይኖራል። መሆን የሚፈልግ ቢኖር ነውር አይደለም፤ ሁሉም ይሁን ግን አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ክፍላተ ሀገር መላክ በጀመረ ጊዜ፣ ለማስተማር የሄዱት ተማሪዎች ሕዝባቸውንም ተምረው ተመለሱ። እኛ ያን ያህል ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጧት የምንጠጣውን ቡና እንኳ ብንከተል ይበቃናል። ከአለታ ወንዶ ማሳ የለቀመችው፣ ያጠበው፣ ቀምሶ ደረጃ ያወጣለት፣ ጆንያውን በጀርባው የተሸከመው፣ የነዳው፣ በኬላ የፈተሸው፤ ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ቡናው ወደብ አይደርስም፤ አገሪቱም የውጭ ምንዛሪውን አታገኝም። የእኛም መማሪያ ከዚሁ ኪስ የሚወጣ ነው።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በግቢያችን የሚሠሩትን ዘበኞች፣ ወጥ ቤቶችና ጽዳት ሠራተኞች በስማቸው እንወቃቸው፤ ታላላቆቻችን ናቸውና «አንተ» «አንቺ» ማለታችንን ትተን «እርስዎ» እንበላቸው። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው ስብሰባ ከፍቼ በኋላ በየዓመቱ በዚሁ ቦታ ይደረግ፤ በሚመጣው ዓመት ሸክላ ሠሪዎችና ብረት ቀጥቃጮች እንግዶቻችን ይሁኑ። ሦስተኛ፣ አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ «አባትህ ምን ይሠራል? እናትሽስ?» የሚለውን ጥያቄ አንተው፤ እንጠይቅ። ግን መጀመሪያ የምንመልሰው እኛ ነባሮቹ እንሁን፤ ያለ ውሸት።

እኔ መልሴን ዛሬ አስመዘግባለሁ። አባቴ አሁን በዚህ የለም። ትናንት ማታ ስደውልለት ሚሌ ላይ ነበር፤ ሙቀቱ በረድ እስኪል ከመኪናው ሥር ተኝቶ እንደሚቆይ ነገረኝ። ይህን ንግግር እንደማደርግ አልነገርኩትም። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ግን መኪናውን ራቅ አድርጎ እንዳያቆም ነግሬዋለሁ። በሩ ላይ ያቆማል። እናንተም ብታገኙት እጁን ጨብጡት፤ ግራሶው በሳሙና ይለቃል።